ፌጦ አይዋሽም

መቅሊት ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የመጀመሪያ ሥራዋ ጫማዋን ማውለቅ ነው። ሌላው ሰው መሬት ሊቆፍር ሲሄድ ቦቲ ያጠልቃል፤ እሷ ነጠላ ጫማዋን ደፉ ላይ ትታ በባዶ እግሯ ትወርዳለች፤ ዘይት የጠጣ አፈር ለዓይን ደህና ቢመስልም እግር ሲረግጠው የሚያሙለጨልጭ፣ ከተረከዝ ሥር ልስልስ የሚል ነገር አለው፤ ይህን ደግሞ ዓይንም መጽሐፍም አይነግርም። በግራ እጇ አንድ ጣሳ ፌጦ ትይዛለች። ከግቢው ጥግ ጀምራ እስከ ኋለኛው አጥር በየአሥር እርምጃው ጭብጥ አፈር ታነሣለች፣ በሸክላ ስባሪ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ውሃ ትረጭበታለች፣ ሃያ ፍሬ ፌጦ ትበትንበታለች፣ በስባሪው ጠርዝ ላይ በከሰል ቁጥር ትጽፍና ከግድግዳው ጥላ ሥር ትደረድረዋለች። በሦስተኛው ቀን ፍርዱ ይታወቃል። ፌጦ ትንሽ ዘር ናት፣ ግን ኩሩ ናት፤ ቅባት ባለበት አፈር ላይ ውሃ ትጠጣለች፣ ታብጣለች፣ ልጋግ ታወጣለች፣ ከዚያ ትጠቁርና ትሞታለች እንጂ አትበቅልም። ቅባት ከሌለበት ግን በሁለተኛው ቀን ነጭ ሥር፣ በሦስተኛው ሁለት አረንጓዴ ቅጠል። «ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ይዋሻል፣ ፌጦ አይዋሽም» ትላለች መቅሊት፣ ሰሚ ኖረም አልኖረም።

የመቅሊት ከተማ ደረቅ ወንዝ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች ጎማቸውን ለማየት የሚቆሙባት፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች ኋላ ሌላ ነገር የሌላት የመንገድ ከተማ ናት። የመቅሊት አባት አሰግድ እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ጋራዥ ነበረው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየመኪናው ሆድ የወረደውን የተቃጠለ ዘይት በባልዲ እየተቀበለ ግቢው ላይ ደፋው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አቧራ እንዳይነሣ ነው፤ የየጋራዡ ልማድ ነው። ሲሞት ለአንድ ልጁ የተወላት ከመንገዱ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚደርስ ግማሽ ሄክታር ጥቁር መሬት ነበር፤ በዝናብ ቀን ቀስተ ደመና የሚንሳፈፍበት፣ በፀሐይ ቀን እንደ ቀለጠ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ፣ አረም እንኳ የናቀው፣ ጉንዳን ዞሮት የሚሄድ መሬት።

የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አቶ መርጊያ ሊያየው ሲመጣ ብሩሽ የጠገበ ጫማውን ከጭቃው እያራቀ በጣቱ ጫፍ ቆሞ ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ መሬት የሚያበቅለው ጎማ ነው» አላት። «ለመኪና ማቆሚያ ይሁንና እንገላገል።»

«ሁለት ዓመት ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ካሮት ላበቅልበት።»

አቶ መርጊያ ሳቀ። ከኋላው ቆመው የነበሩት የመንገድ ዳር ሰዎችም አብረው ሳቁ። «እሺ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ ላይ የሚበላ ነገር ከበቀለ እኔ ራሴ ቀድሜ እበላዋለሁ። ካልበቀለ ግን ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

«ጨው ይዘው ይምጡ» አለችው።

ማንም አላስተማራትም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ያላት ባለሱቁ በርበሬ ሊጠቀልልበት ሲገነጣጥለው ደርሳ ከእጁ የነጠቀችው አንድ ሽፋን አልባ የአፈር መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ከገጽ አርባ አንድ ይጀምራል። በአፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ዘይት በሊታዎች አሉ ይላል፤ አየር፣ ውሃና ፍግ ካገኙ ዘይቱን በልተው በልተው አፈሩን መልሰው አፈር ያደርጉታል። እንዴት እንደሚቀሰቀሱ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደሚገለበጡ፣ ምን ያህል እርጥበት እንደሚበቃቸው በደንብ ዘርዝሮ «ሥራው መቼና እንዴት እንደሚቆም» የሚል ርዕስ ላይ ሲደርስ ያልቃል። የቀሩት ገጾች በርበሬ ተሸክመው ሄደዋል። መቅሊት አልቆጫትም። አንድም ሰው መጀመሪያውን በማያውቅበት ከተማ ውስጥ መጨረሻውን ማወቅ ቅንጦት ነው ብላ ነበር።

ከየበረቱ ፍግ ለመነች፣ ከየአውድማው ጭድ ሰበሰበች፣ ስኳር ፋብሪካ ከሚመላለስ ሹፌር በጀሪካን ሞላሰስ አስመጣች፣ ጥቁሩን አፈር በመንሽ እየገለበጠች አበላችው፣ አጠጣችው። ይህን ሁሉ ከመጽሐፉ አገኘችው። መጽሐፉ ያላለውን ግን ከራሷ ጨመረች። ዘይቱን ቶሎ የጨረሰው መደብ የትኛው እንደሆነ በፌጦ ትለያለች፣ ከዚያ መደብ ላይ አንድ ማሰሮ አፈር ታስቀራለች፣ በማግሥቱ በሚቀጥለው መደብ ላይ እንደ እርሾ ትጥለዋለች፤ ከዚያኛው ደግሞ ከሁሉ የፈጠነውን መርጣ ታስቀራለች።

«ለአፈር እርሾ?» አለ ጋሽ እርገጤ። ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከተዘጋ ወዲህ ከወንዙ ጉድጓድ ውሃ የምትስበውን ሞተር የሚንከባከብላት እሱ ነበር። «ነገ ደግሞ ወንፊት አምጣ ትይኛለሽ።»

«ሊጥ ያለ እርሾ ይነሣል እንዴ ጋሽ እርገጤ?»

«አይነሣም። ሊጥ ግን ተነሥቶ ሰው ላይ አይመጣም።»

ሳቀችበት። ማሰሮውን ወደ ቤቷ ወሰደችው፤ ብርድ እርሾ ይገድላል፣ ስለዚህ መስኮት በሌለው ጓዳዋ ውስጥ፣ ከአልጋዋ ራስጌ፣ በቀን ብርሃንም እጅ ዘርግተው የማያዩበት ጥግ ላይ አስቀመጠችው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል። የሊጥ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ፣ የረጠበ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ አረፋ፤ ፍስ ይልና ያርፋል፣ ፍስ ይልና ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ድምፅ ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። የሚሠራ ነገር ድምፅ ነው ትላለች።

በአሥራ አንደኛው ወር የመጀመሪያዋ ፌጦ በቀለች። መቅሊት የሸክላውን ስባሪ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ በየምግብ ቤቱ በረንዳ እየዞረች የሳቁባትን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። ሁለት ወር ይፈጅ የነበረው መደብ በሦስት ሳምንት፣ ቀጥሎ በአሥር ቀን፣ ቀጥሎ በአምስት ቀን ነጻ። ግቢው ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመት የኖረው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሳሳ፣ በምትኩ ዝናብ የነካው መሬት ሽታ መጣ፤ እሱም ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ መቅሊት ጭብጥ አፈር ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ምንም አልሸተታትም። ፍግ አልሸተተም፣ ጭድ አልሸተተም፣ የገዛ እጇ እንኳ አልሸተታትም።

ሁለተኛው ዓመት ወደ ማለቁ ሲቃረብ የውሃ ሞተሯ ደረቀች። ጋሽ እርገጤ ከወንዙ አፋፍ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጎንበስ እንዳለ ጠራት። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ በሯ ሲገጠም ትጨልማለች፣ ሁልጊዜ የናፍጣና የጋለ ብረት ሽታ ይሞላት ነበር፤ ያን ቀን ምንም ሽታ አልነበራትም።

«ዘይቷ የለም» አላት፣ መለኪያውን ዘንግ መዝዞ እያሳያት። ዘንጉ እንደ ታጠበ ማንኪያ ነጭ ነበር። «ትናንት ማታ እስከ ምልክቱ ሞልቻት ነው የሄድኩት።»

«አፍስሳ ይሆናላ።»

«የት? እስቲ መሬቱን እዪ። አንዲት ጠብታ ካገኘሽ ጢሜን ላጪኝ።»

ከሞተሯ ሥር ያለው አፈር ደረቅና ንጹሕ ነበር። ጋሽ እርገጤ እንደገና ሞላት። በማግሥቱ ጠዋት ዘንጉ እንደገና ነጭ። በሦስተኛው ቀን ሞተሯን ሲያስነሣት ብረት በብረት ላይ ሲፋጭ የሚወጣው ጩኸት ግቢውን አልፎ እስከ አስፋልቱ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመች፣ ሞተች። መቅሊት ከዚያ በኋላ ውሃውን በባልዲ ቀዳች። በቀን ሰማንያ ባልዲ። ወገቧ ሲቆረጥ ትሳደባለች እንጂ አታርፍም።

የግቢው በር ማጠፊያ መጮህ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ግራሶ ቀባችው፤ ሲመሽ መልሶ ይጮሃል። ጓጉንቸሩ ቁልፍ አልቀበል አለ። የመንሹ እጀታ፣ በሁለት ዓመት የእጇ ወዝ ለስልሶ ያብረቀርቅ የነበረው፣ እንደ አዲስ ጥርብ እንጨት ሻክሮ መዳፏን መውጋት ጀመረ። ጠዋት ፀጉሯን ተቀብታ ትወጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ እጇን ስትሰድ ጭድ የነካች ይመስላታል። እያንዳንዷ ነገር ለብቻዋ ትንሽ ናት። መቅሊት ደግሞ ለትንሽ ነገር የሚሆን ጊዜ የላትም፤ ካሮቱ ወጥቷል፣ አረንጓዴው ቅጠል በመደቡ ላይ ተሰልፏል፣ አቶ መርጊያ የሚመጣበት ቀን ሊደርስ አንድ ወር ብቻ ቀርቶታል።

እትዬ ሐዋ በአጥር የምትዋሰናት ጎረቤት ናት፤ አምስት ፍየሎች አሏት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በእጇ ኩባያ ይዛ መጣች፣ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ቅመሺው።»

መቅሊት ቀመሰች። ነጭ ነው፣ ግን ውሃ ነው፤ ምላስ ላይ አይቆይም።

«ወላሂ ሰላቢ ገብቶብኛል» አለች እትዬ ሐዋ። «ከአጥርሽ ሥር የጋጠችው ሁሉ ወተቷ እንዲህ ሆነ። ቅቤው ተወሰደ። ከላይ ሰፈር ያለችዋ ግን ደህና ናት።»

«እትዬ ሐዋ፣ ድርቅ ነው እኮ። ምን በልታ ቅቤ ትስጥ?»

«ድርቅ ፊት አያደርቅም።» እትዬ ሐዋ ሻርቧን ገለጥ አድርጋ ጉንጯን አሳየቻት፤ ቆዳው በቀጫጭን ነጭ መስመሮች እንደ ጠፍ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። «እኔ አንቺን ሰላቢ አላልኩም። ያን የምታበይውን ነገር ግን ተይው። እንደ ልጄ አይቼሽ ነው የምልሽ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ይሄ መሬት ሲሞት አንድ ሰው አልመጣም» አለች መቅሊት፣ ኩባያውን እየመለሰችላት። «ቀና ሲል ግን ስሞታ በስሞታ ሆነ። ወተቱ እንዲመለስልዎ ፍየሏን ወዲያ ማዶ ይሰሯት። እኔ አልተውም።»

ውሻው ቡራ ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ ግቢው ውስጥ የኖረ፣ ፍጉ ሙቀት ስላለው ሁልጊዜ ከመደቦቹ መሀል የሚተኛ ሽማግሌ ውሻ ነበር። ያን ሰሞን ፀጉሩ ደብዝዞ ሲራመድ ቆዳው ከአጥንቱ ላይ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ያወጣ ጀመር፤ ሲያዛጋ የአገጩ መጋጠሚያ ቀጭ ይላል። አንድ ጠዋት ጠራችው፣ አልተነሣም። ከሦስተኛው መደብ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር፣ ዓይኑ ክፍት፣ አንድ ዝንብ እንኳ ያላረፈበት። ልታነሣው ሁለት እጇን ሰደደች፤ አንዱ በቃ። ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ያህል እንኳ አይከብድም ነበር። ከሥሩ ያለው አፈር ከሌላው ይልቅ ጥቁር፣ ከሌላው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ የቡራን ቅርጽ እንደያዘ ቀርቷል፤ እጇን ስታሳርፍበት ይሞቃል። በሸክላ ስባሪ ላይ ጭብጥ አፈር አነሣች፣ ሃያ ፌጦ በተነችበት። ሃያውም በቀሉ፤ በሁለት ቀን።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም ቢሆን «ሸምግሎ ነበር» ነው ያለችው።

ጋሽ እርገጤ ግን አወቀ። የአርባ ዓመት መካኒክ እጅ ነበረው፤ ጥፍሩ ዙሪያ፣ የመዳፉ መስመሮች ውስጥ፣ የጣቶቹ መገናኛ ላይ ሳሙናም ላምባም ያላስለቀቀው ጥቁር ዘይት የገባበት፣ ሲቀበርም አብሮት የሚቀበር የሚመስል እጅ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መደብ እየገለበጠ ሳለ ቆመ፣ መንሹን ጣለ፣ ሁለት እጁን ወደ ፊቱ አምጥቶ ረጅም ጊዜ አያቸው። ነጭ ነበሩ። መስመሮቹ ነጭ፣ ጥፍሮቹ ነጭ፣ እንደ ሕፃን እጅ የጠሩ፣ ግን እንደ ወረቀት የደረቁ።

«መቅሊት» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባትሽ ያፈሰሰው ዘይት እንግዲህ አልቋል አይደል?»

«ከመኪና ጉድጓዱ በቀር አልቋል።»

«እሱም ሲያልቅ ምን ልታበያት ነው?»

መቅሊት የጣለውን መንሽ አነሣች። ጋሽ እርገጤ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ወጣ፤ በሩ ሲጮህ ከእሱ ጉልበት የወጣው ድምፅ ከበሩ ድምፅ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ላይ ሰፈር እህቱ ቤት እንደተኛ፣ ሲገላበጥ መጋጠሚያው ለጎረቤት እንደሚሰማ ሰማች። መጠየቅ ነበረባት። ካሮቱን ውሃ ሳላጠጣ አልሄድም አለች፤ አጠጥታ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ መደብ ነበር።

አቶ መርጊያ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው ወደ መኪና ጉድጓዱ ወረደች። አባቷ ከመኪና ሥር ቆሞ የሚሠራበት፣ ቁመተ ረጅም ሰው የሚውጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ጠርዙ በሲሚንቶ የተለበጠ ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሃያ ስድስት ዓመት ዘይት ጣት ያህል ወፍሮ እንደ ማር ቀፎ ሰም ተጋግሮ ነበር። ያንን ፍቃ ለመደቦቹ ልትሰጥ ነበር ሐሳቧ፤ ለአራት ቀን ይበቃል፣ ከአራት ቀን በኋላ የመሬቱ ወረቀት በእጇ ነው፣ ከዚያ የፈላ ውሃ በማሰሮው ላይ ትደፋና እርሾውን ትገድላለች። ይህን ወስና ነበር። መቆሚያውን መጽሐፉ ካልነገራት እሷ ራሷ ትወስናለች።

እኩለ ቀን ነበር፣ ውጭው ዓይን ያጠፋል፤ የመጨረሻውን የብረት መሰላል ደረጃ ስትለቅ ግን ከላይ ያለችው ብርሃን የሳንቲም ያህል ሆና ቀረች፣ ከሥር ያለው ጨለማም ጉንጯን እስኪነካት ተጠጋት። መፋቂያውን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ባዶ ሲሚንቶ ፋቀ። ወደ ጎን አዞረችው፤ ባዶ ሲሚንቶ። በመዳፏ ዳሰሰች፤ ግድግዳው ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ነበር፤ ከእግሯ ጀምሮ እስከ ትከሻዋ ድረስ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ላም ጥጃዋን ስትልስ ፀጉሩን እንደምታስተኛው፣ የሲሚንቶው አሸዋ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ ተኝቶ ነበር። ከዚያ በላይ ያልተነካ ዘይት አለ። ከዚያ በላይ አልደረሰም፤ ገና።

ድምፁን ያኔ ሰማችው። ፍስ። ከማሰሮው አይደለም፤ ማሰሮው ቤት ነው። ከእግሯ ሥር ነው። የጉድጓዱ ወለል ሲሚንቶ ነበር፣ ይህን ታውቃለች፣ ልጅ ሆና እዚህ ወድቃ ግንባሯን ተፈንክታለች፤ አሁን ግን የቆመችው ለስላሳ፣ ሙቅ አፈር ላይ ነው፣ አፈሩም በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ቀስ ብሎ ገጥሞ፣ ጥርስ ያላወጣ ጥጃ ጣት ሲሰጡት እንደሚያደርገው፣ ሳይቸኩል፣ ሳያሳምም ይጠባ ነበር።

መቅሊት አልጮኸችም። ከብት እንደሚገሥጽ ሰው ነው የተናገረችው።

«አንቺ» አለችው ጨለማውን። «ከሞት ያነሣሁሽ እኔ ነኝ። አራት ቀን ዝም በይ።»

መጥባቱ ቆመ። ያ ከመጥባቱ የባሰ ነበር፤ እየሰማት ነው ማለት ነው። መሰላሉን ይዛ ወጣች፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን አየች። ቆዳው አመድ ለብሷል፤ ሁለቱም ተረከዞቿ ጣት በሚያስገባ ንቃቃት ተከፍለዋል፣ ደም ግን የለም፤ ንቃቃቱ ውስጥ የሚታየው ግራጫና ደረቅ ነበር፤ አላመማትምም።

በዚያው ቀን ቤት ያላትን ሁሉ አውጥታ ለመደቦቹ ሰጠቻቸው፤ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት፣ የፀጉር ቅባት፣ ለበዓል ያኖረችውን አንድ ቅል ቅቤ፣ የፋኖሱን ላምባ። አፈሩ ላይ ሲፈስ አንድም አልተንሳፈፈም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ በሩን ዘግቶ ይሄድ ነበር። መቅሊት ግን በደጃፏ ላይ የሚቆሙትን መኪኖች አሰበች፣ የአቶ መርጊያን ሳቅ አሰበች፣ ሁለት ዓመት የገለበጠችውን አፈር አሰበች። በማግሥቱ ጠዋት ጫማዋን ደፉ ላይ ትታ በባዶ እግሯ ወረደች፣ እንደ ወትሮው፤ ገና ካልተዘራበት መደብ መሀል ቆማ ፌጦውን በእፍኟ እየዘገነች በዙሪያዋ በተነችው፣ ውሃ ረጨችበት፣ ሙቀቱ በተረከዟ ሲጀምር ጥርሷን ነክሳ ቆመች። «ይኸው» አለች። «ከዚህ ውጪ የለኝም።» በየጠዋቱ እንዲህ ቆመች፣ ሦስት ጠዋት።

አቶ መርጊያ በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ መጣ፣ ከሁለት ሠራተኞችና ከግማሽ የሰፈር ሰው ጋር። በሩ ጮኸ። ከመግቢያው እስከ ካሮቱ መደብ ሃያ እርምጃ ነው፤ መቅሊት ዓይኗን ከጫማው ላይ አልነቀለችም። በአምስተኛው እርምጃ ጥቁሩ ጫማ ማብረቅ ተወ፣ በአሥረኛው ግራጫ ሆነ፣ በሃያኛው ጣቱ ከሚታጠፍበት ላይ ተሰነጠቀ። እሱ ግን የሚያየው አረንጓዴውን ነበር። ፌጦ የበቀለባቸውን ሸክላዎች አየ፣ አፈሩን አሸተተ፣ ግራ ተጋባ፣ እንደገና አሸተተ።

«ጨው ይዘዋል?» አለችው።

ሰዉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ የተሳቀው በሱ ላይ ነበር። መቅሊት ጎንበስ ብላ አንድ ካሮት ነቀለች። አፈር አልያዘም፤ የታጠበ ያህል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አቶ መርጊያ ካሮቱን አገላብጦ አየ፣ ነከሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ።

«ይጣፍጣል» አለ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው። ከዚያ ከንፈሩን ላሰ፣ ደግሞ ላሰ። «ውሃ ይኖርሻል?»

ሰጠችው። ጠጣ፣ ደግሞ ጠየቀ። ወረቀቱን ሲፈርም ከታችኛው ከንፈሩ መሀል አንዲት ቀጭን ነጭ ስንጥቅ ቀስ ብላ ወደ አገጩ ስትወርድ አየች፤ ደም አልወጣትም። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ወረቀቱ ገና በእጁ ነበር። ዘጋችው።

«በርቺ» ብሏት ሄደ፣ ሰዎቹም እጃቸው ካሮት በካሮት ሆኖ፣ አሁን ደግሞ እያመሰገኗት ተከተሉት። እትዬ ሐዋ ብቻ አጥሩ ጋ ቆማ ቀርታ ነበር፤ ካሮት አልወሰደችም፤ የምታየው የመቅሊትን እግር ነበር። ከዚያ ፍየሎቿን እየነዳች ወደ ላይ ሰፈር ሄደች።

መቅሊት አሸንፋ ነበር። ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበበችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ለራሷ የገባችውን ቃል ለመፈጸም ምድጃው ላይ ድስት ውሃ ጥዳ፣ ሲፈላ ይዛ ወደ ጓዳዋ ገባች። ጨለማው ውስጥ ድምፁ እንደ ወትሮው ይሰማል፤ ፍስ ይልና ያርፋል። ማሰሮውን በእጇ ፈልጋ አገኘችውና ወደ ብርሃን አወጣችው። ቀላል ነበር። ውስጡ አንዲት ጭብጥ አፈር እንኳ አልነበረም፤ ከግርጌው እስከ አፉ ተልሶ ለስልሶ ነበር። ድምፁ ግን አልቆመም። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ከቤት ወጣች፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ድምፁም አብሯት ወጣ፣ አብሯት ቁጭ አለ።

የውሃውን ባልዲ ሳበች፣ ሁለት ዓመት ስታደርገው እንደኖረችው እግሯን ልትታጠብ። ግቢው አረንጓዴ ነው፣ የእሷ ነው፣ ማንም አይነጥቃትም። ቀኝ እግሯን ጉልበቷ ላይ አነባበረች፣ ተረከዟን ወደ ብርሃኑ አዞረች። መጀመሪያ ከካሮቱ ቅጠል ተለጥፎባት መሰላት፤ በጥፍሯ ልታነሣው ስትስበው አልመጣም፣ እስከ ጉልበቷ ድረስ የሆነ ነገር አብሮ ተሳበ እንጂ። ከንቃቃቱ ውስጥ፣ ሁለት ቅጠሏን ዘርግታ፣ ነጭ ሥሯን ወደ ውስጥ ሰድዳ፣ አንዲት ፌጦ ልክ በሦስተኛ ቀኗ በቅላ ነበር።